መጠጥ ይዞ ወደ ውጭ አገር ስለ መጓዝ

ከከሚሴና ከአካባቢዋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ዱባይ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ መጠጥ የማይቀምሱ ናቸው። ሆኖም ለሰው አድርስ ተብለው በአደራ የተቀበሉት ጠርሙስ ከባድ ጣጣ ሊያመጣባቸው ይችላል።

በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ መሠረት የአልኮል ኃይሉ ከመቶ 24 በላይ ሆኖ ከ70 የማያልፍ መጠጥ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ይኸውም ለሽያጭ እንደ ታሸገ ሲሆን ነው። ስለዚህ በቤት ወጥቶ በፕላስቲክ የተቀዳ አረቄ ደንቡን አያሟላም። ከመቶ 70 የሚያልፈውም ፈጽሞ ክልክል ነው። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ጠርሙስ በታሸገበት ከረጢት ከነደረሰኙ ይያዛል፤ በመንገድ አውሮፕላን የሚለውጥ ሰው ከረጢቱን ቢከፍት በፍተሻ ጊዜ ጠርሙሱን ይነጠቃል።

ዳሩ ግን አውሮፕላኑ የፈቀደውን ሁሉ መድረሻው አገር አይፈቅድም። ዱባይ ለመንገደኛ እስከ 4 ሊትር ስትፈቅድ፥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠጥን ከልክላለች። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጅዳ ወደብ ሥራ የጀመረው አሮያ የተባለው የሽርሽር መርከብ እንኳ ለተሳፋሪዎቹ መጠጥ አይሸጥም። ይህን ሕግ የተላለፈ ሰው ከዕቃው መወረስ በቀር እስራትና ከአገር መባረር ያገኘዋል፤ የተቋረጠው ንግድም የርሱ ኪሣራ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው የአደራውን ዕቃ ከከሚሴ ሳይነሣ፥ ባለቤቱ ባለበት ፈትቶ ሊያየው ይገባዋል። ሻንጣው በስሙ የተመዘገበ ነውና ተጠያቂው እርሱ ነው።