መብራት ሳይሄድ ማጥፋት

ከደጎሎ እስከ መካነ ሰላም ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች ኮምፒውተር የሚገኘው በመምህሩ ጠረጴዛ፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አለዚያም ለፈተና በሚያነብ ተማሪ ጭን ላይ ነው። ማታ ሥራ ሲያበቃ ይጥፋ ወይስ እንደተከፈተ ይደር የሚለው ጥያቄ ይነሣል። «ማብራት ማጥፋቱ ነው የሚያበላሸው» የሚለው ምክር ደግሞ የተለመደ ነው። ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ግን የሚያገለግለው መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው። ለእኛ ደጋ የሚስማማው ማጥፋት፣ አጥፍቶም ከሶኬት መንቀል ነው።

የምክሩን መሠረት እንይ። ዕቃው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በብየዳ የተያያዙት ጥቃቅን መጋጠሚያዎች በዚህ ምልልስ ይደክማሉ። የሃርድ ዲስኩ ሞተርም ከቆመበት ሲነሣ ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይስባል። የድካሙ መጠን ግን ይታወቃል፦ ለቤት ኮምፒውተር የሚሠሩ ብዙ ዲስኮች 50,000 ጊዜ ተነሥተው እንዲቆሙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ቢጠፋና ቢበራ ይህ ከ68 ዓመት በላይ ያስኬዳል። ሌሊቱን ሙሉ መሥራትም ያለ ዋጋ አይደለም። ማራገቢያው ይበላል፣ አቧራ ይከማቻል፤ በኃይል ሰጪው ሳጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ደግሞ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ራስም ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነውና፣ ብዙ አምራቾች ዲስኩ የሚሠራበትን ከፍታ 3,048 ሜትር ላይ ይገድቡታል። የሌሊቱ ብርድ ሙቀቱን ለመቀነስ ማገዙ እውነት ነው፤ አየሩን ግን አያወፍረውም።

ዋናው ነገር ግን ማሽኑን የሚያጠፋው ማን ነው የሚለው ነው። ባለቤቱ ሲያጠፋው የተከፈቱት ፋይሎች ይዘጋሉ፣ በመጻፍ ላይ ያለው ይጠናቀቃል። መብራት ሲያጠፋው ግን የዲስኩ ራስ በሳህኑ የቀረ ሽክርክሪት ጉልበት ወደ ማረፊያው ቢሸሽም፣ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ግማሹ ላይ ይቀራል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ በአካባቢው ያለው ምጣድና ማቀዝቀዣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ቮልቴጁ ከ220 ወርዶ ከፍ ሲል የሚመታው ያኔ ክፍት ሆኖ የተገኘውን ነው። ክረምት ሲገባ መብረቅ ይጨመራል። በደጋ ሸንተረር ላይ የተዘረጋ ሽቦ መብረቁን ከሩቅ ይዞ ቤት ድረስ ሊያመጣው ይችላል። ኮምፒውተር ቢጠፋም ሶኬት ላይ ከዋለ ኃይል ሰጪው ሳጥን ከመስመሩ አልተለየም፤ ስለዚህ መንቀል ያስፈልጋል። ስታብላይዘር የቮልቴጁን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ መብረቅ አይመልስም። ዩፒኤስም የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው፤ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል፣ ለማደር አይሆንም።

ስለ ገንዘቡም መናገር ይገባል። ከነስክሪኑ 80 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር ሥራ ፈትቶ በቀን 16 ሰዓት ክፍት ቢቆይ በወር 38 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በአገራችን የቤት ታሪፍ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ማንም ያልተጠቀመበት ማሽን ብቻውን የእርከኑን ሦስት አራተኛ ይወስዳል ማለት ነው። በዚያው ኃይል 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ 11 ሰዓት ያህል ይጋግራል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫልና ቁጠባው ለምን ነው የሚል ይኖራል። መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ወረዳ ግርጌ የሚያልፈው ዓባይ ይህን ያህል ኃይል መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቤት ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው የግድቡን አቅም ሳይሆን የቤቱን ፍጆታ ነው፤ ገደል ተሻግሮ የሚመጣው መስመርም በነፋስና በዝናብ መበጠሱን በዚህ አይተውም።

ጠዋት እንደገና መክፈት ጊዜ ይፈጃል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። መፍትሔው ግን ስሊፕ አይደለም። ስሊፕ ላይ ያለ ዴስክቶፕ ሥራውን የሚይዘው ኃይል ካላገኘ ባዶ በሚሆን ማኅደረ ትውስታ ነው፤ መብራት ከሄደ ያልተቀመጠው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ሃይበርኔት ግን ያለውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ይጠፋል፣ ከሶኬት ቢነቀልም ምንም አይሆንም። ዊንዶውስ በዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምርጫ ስለሚደብቀው ከኃይል ማስተካከያው ገብቶ ማውጣት ያሻል። ላፕቶፕ ባትሪው እንደ ዩፒኤስ ስለሚያገለግለው ነገሩ ይቀልለታል። በርካሹ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ትልቅ ፋይል ማውረድ የሚፈልግም በላፕቶፕ ቢያደርገው ይሻላል፦ ማታ ባትሪውን ሞልቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የስልኩን ኢንተርኔት አገናኝቶ፣ ማውረዱ ሲያበቃ ራሱ እንዲጠፋ አዝዞ መተኛት ይችላል። ውጭ ነጎድጓድ ቢኖርም ላፕቶፑን ከመስመሩ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ የለም።