አንድ መስመር ስንት ባይት ነው?

የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር በተራ የጽሑፍ ፋይል ሲቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ መስመር የአንድ ሰው ነው፤ ስሙ፣ የሒሳብ ቁጥሩና የሚከፈለው ገንዘብ ተከታትለው ይሰፍራሉ። ለሰው ዓይን መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግልጽ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፋይሉ ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ ባይቶች ብቻ ነው። አንዱን መስመር ከሌላው የሚለየው በመካከላቸው የሚገባው የመስመር ማብቂያ ምልክት ሲሆን፣ ያንን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ የፕሮግራሙ ነው።

ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ የፈጠረው የሲ ቋንቋ፣ የሚገባለትን ጽሑፍ በመስመር የሚያነብ «ጌትስ» የተባለ ትዕዛዝ ነበረው። ችግሩ ጌትስ የሚያነበውን የሚያኖርበትን ቦታ ስፋት አለመጠየቁ ነው። የእንስራውን መጠን ሳያይ ቧንቧውን ከፍቶ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። መስመሩ ከቦታው ከበለጠ፣ ትርፉ በጎረቤት የሜሞሪ ክፍል ላይ ይፈሳል።

የዚህ መዘዝ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ታየ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው፣ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በወቅቱ በነበረው ኢንተርኔት ተዛመተ። ከተጠቀመባቸው መግቢያዎች አንዱ «ፊንገር» የሚባለው አገልግሎት ነበር። አገልግሎቱ በጌትስ የሚያነበውን መስመር የሚያስቀምጠው 512 ባይት በሚይዝ ቦታ ነው፤ የተላከለት ግን 536 ባይት ነበር። ትርፉ 24 ባይት ኮምፒውተሩ ቀጥሎ የሚሠራውን የሚወስነውን የሜሞሪ ክፍል ለወጠው። ጌትስ ከሲ ቋንቋ መደበኛ ደንብ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ2011 ነው፤ ከ23 ዓመታት በኋላ።

ለፋይል ንባብ የሚመረጠው «ኤፍጌትስ» ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የት ላስቀምጥ? ቦታው ስንት ባይት ይይዛል? ከየትኛው ፋይል ላንብብ? ስፋቱ 100 ነው ከተባለ ቢበዛ 99 ባይት አንብቦ፣ ቀሪዋን አንድ ባይት ለጽሑፉ ማብቂያ ምልክት ይተዋል። መስመሩ ከረዘመ የቀረውን በሚቀጥለው ንባብ ያመጣል። በመሆኑም የተነበበው የመስመር ማብቂያ ምልክት እንዳለው የማያጣራ ፕሮግራም፣ የአንዱን ሠራተኛ መስመር የሁለት ሰዎች አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ጉዳዩ ለአማርኛ ይበልጥ ይከብዳል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 99 ባይት የሚይዘው 33 የግዕዝ ፊደላትን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ስሞች ተፈትኖ ያለፈ ፕሮግራም የአማርኛ ስም ከነአያት ሲገባለት መስመሩን ሊቆርጠው ይችላል። ይባስ ብሎም ቁርጡ ከአንድ ፊደል መሐል ሊያርፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ በፊደሉ ምትክ የማይነበብ ምልክት ይመጣል።

ሌላው ወጥመድ የመጨረሻው መስመር ነው። ጀማሪዎች «ፋይሉ እስኪያልቅ አንብብ» ለማለት «ፌኦፍ» የተባለውን ትዕዛዝ ይጠቀማሉ። ፌኦፍ ግን ፋይሉ ማለቁን የሚናገረው አንድ ንባብ መጨረሻውን ከነካ በኋላ ነው። ፋይሉ በመስመር ማብቂያ ምልክት ሲዘጋ ፕሮግራሙ አንድ ዙር አልፎ ይሄድና፣ በእጁ የቀረውን የመጨረሻ መስመር በድጋሚ ይሠራበታል። በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ይህ ማለት የመጨረሻው ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኤፍጌትስ ራሱ የሚመልሰውን መልስ ማየትና ባዶ መልስ ሲሰጥ ማቆም።

በ2008 በፖሲክስ ደንብ የተካተተው «ጌትላይን» ደግሞ እንደ መስመሩ ርዝመት ቦታውን ራሱ ያሰፋል። ፕሮግራመሩ ግን ሲጨርስ ቦታውን ማስለቀቅ አለበት።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚረከብ ሰው ኮዱን ማንበብ ባይችልም ሦስት ነገር ማስፈተን ይችላል፦ በጣም ረጅም የአማርኛ ስም፣ መጨረሻው ላይ የመስመር ማብቂያ ምልክት ያለው ፋይልና ምልክቱ የሌለው ፋይል። በሦስቱም የገባው ሰው ቁጥርና የወጣው ቁጥር እኩል ካልሆነ ርክክቡ ይቆይ።