የተጫዋች ማንነት ክርክር በኖሚክ

ኖሚክ ተጫዋቾች የጨዋታውን ሕግ ራሱን እያወጡና እያሻሻሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ስሙ የመጣው «ሕግ» የሚል ትርጉም ካለው «ኖሞስ» ከተባለው የግሪክ ቃል ነው። ጨዋታውን የፈጠረው አሜሪካዊው የፍልስፍና መምህር ፒተር ሱበር ሲሆን፣ በሰፊው የታወቀው በ1982 እ.ኤ.አ. ዳግላስ ሆፍስታተር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ዓምዱ ላይ ካስተዋወቀው በኋላ ነው።

የችግሩ መነሻ

ሱበር ካወጣቸው 29 የመነሻ ሕጎች አንዱ እያንዳንዱ ተጫዋች ድምፅ የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም ተጫዋች ማለት ማን እንደሆነ አይተረጉሙም። ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጫወቱ ይህ አያስቸግርም፤ በኢንተርኔት ግን የሚታየው ስምና የኢሜይል አድራሻ ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው በሁለት ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ጉዳቱ ከአንድ ድምፅ ያልፋል። ለምሳሌ አንድ የሕግ ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ 5 ለ 4 ጸደቀ እንበል። ከአምስቱ አንዱ የሌላ ተጫዋች ሁለተኛ አድራሻ ሆኖ ከተገኘ ውጤቱ 4 ለ 4 ይሆናል፤ ሐሳቡም ወድቋል ማለት ነው። በዚያ ሕግ መሠረት የወጡ ቀጣይ ሕጎች፣ የተሰጡ ነጥቦችና የተሾሙ ዳኞች ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባሉ።

አፈታቱ

ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢሜይል ሲካሄድ የቆየው አጎራ የተባለው ኖሚክ ለዚህ ሦስት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው ትርጓሜ ነው። የአጎራ ሕግ ሰው የሚለው በነጻነት የራሱን ሐሳብ ማመንጨትና መግለጽ የሚችልን ሕያው ፍጡር ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ከአድራሻው ጀርባ ያለው ሰው እንጂ አድራሻው አይደለም። ትርጓሜው ግን እንደማንኛውም ሕግ ይለወጣል፤ በአንድ ወቅት ሰዎች በስምምነት ያቋቋሟቸው ሽርክናዎችም እንደ ሰው ተቆጥረው በተጫዋችነት ተመዝግበው ነበር።

ሁለተኛው ዳኝነት ነው። ተጫዋቾች «እገሌ ተጫዋች ነው» የሚልን ዓረፍተ ነገር ለዳኛ አቅርበው እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ማስበየን ይችላሉ። ዳኛው ከተጫዋቾቹ መካከል የሚመደብ ሲሆን፣ ሕጉ ግልጽ ካልሆነ የጨዋታውን ልማድ፣ የቀድሞ ብይኖችንና የጨዋታውን ጥቅም ያመዛዝናል። ብይኑ ያላሳመናቸው ተጫዋቾች እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ።

ሦስተኛው ማጽናት ነው። መዝጋቢው የተጫዋቾችን ዝርዝር ያወጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቃውሞ ካልቀረበበት፣ ዝርዝሩ ስህተት ቢኖረው እንኳ በሕግ ትክክል እንደሆነ ይቆጠራል። ይፋ የተደረገ የድምፅ ውጤትም በተመሳሳይ መንገድ ይጸናል።

በዳኝነትና በማጽናት መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። ዳኛው የሚፈልገው የነበረውን እውነት ነው፤ ስለዚህ ብይኑ የቆየ ስህተትን ገልጦ ብዙ ውሳኔዎችን ሊያናጋ ይችላል። ማጽናት ግን ለክርክር የጊዜ ገደብ ያበጃል። ከገደቡ በኋላ የተደረሰበት ማታለል አጥፊውን ሊያስቀጣ ይችላል፤ በመሃል የወጡትን ሕጎች ግን አያፈርስም። በዚህም ምክንያት ተጫዋቾች ዝርዝሩን በየጊዜው መመርመርና ጥርጣሬያቸውን ሳይዘገዩ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።