ከጀልባ ስትወርዱ ስለ «ጦብያ» ንገሯቸው

ባሕር ዳር ለዕረፍት ስትመጡ ውሏችሁን መገመት አያቅትም። ጠዋት ጢስ ዓባይ፣ ምሳ የጣና ዓሣ፣ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ። በቡናው ጫካ አቋርጣችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ታያላችሁ፤ ለልጆቻችሁ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ የተወለዱት በዚያው በዘጌ እንደሆነ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም ተወልደው፣ ጣሊያን አገር ሥዕል ተምረው፣ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተሙ። ብዙዎች መጽሐፉን የሚያውቁት በባለታሪኳ ስም «ጦብያ» ብለው ነው፤ የወንድ ልብስ ለብሳ በጦርነት በታመሰ አገር የምትጓዝ ልጅ ናት። ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ቃልም ከዚያ ርዕስ የመጣ ነው።

ሥራዬ ገበያ ነውና አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ዝም ሲል ይቆጨኛል። የዝምታው አንዱ ምክንያት ግን ይገባኛል። አፈወርቅ በወረራው ዘመን ለፋሺስት ጣሊያን አደሩ፤ ከነፃነት በኋላ በጅማ በግዞት ሳሉ አረፉ። ታዲያ ለልጅ ምን ይባላል?

እኔ ሙሉው ይነገር እላለሁ። ከጎኑም የሌላው የጎጃም ልጅ ታሪክ ይቀመጥ። በ1902 ዓ.ም በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያው ወረራ ዘምተው ተማረኩ፤ ጣሊያን አገር ተወስደውም ለዓመታት ታሰሩ። በ1958 ዓ.ም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰጡን። በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰሙ ወላጆች ዛሬም ሲያነሷቸው እንደ ዘመድ ነው።

ሦስተኛው ከባሕር ዳር ብዙም ከማይርቀው ከአቸፈር የወጡት አቤ ጉበኛ ናቸው። እሳቸውን የፈተናቸው የራሳቸው መንግሥት ነበር። ያልተወለደ ልጅ በግፍ ወደ ተሞላ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚሟገትበት «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም ታትሞ ወጣ፤ መንግሥት ግን መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው። አቤ ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ በ1961 ዓ.ም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ «አንድ ለናቱ»ን አበረከቱልን።

ሦስቱም የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ብዕርና ሥልጣን ሲገናኙ የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ይህን የሰማ ልጅ ደራሲ መልአክ እንዳልሆነ ይረዳል፤ መጽሐፍን ከጸሐፊው ሕይወት ለይቶ መመዘንም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማየትም ይለምዳል።

ስለዚህ ለቀጣዩ የጣና ጉዟችሁ ከሻንጣው ውስጥ አንድ መጽሐፍ ጨምሩ። «ጦብያ» አጭር ስለሆነች ለጉዞ ትመቻለች፤ አማርኛዋ የቆየ ነውና የከበደውን ቃል አያት ካሉ ያስረዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም ነው፤ ከእራት በኋላ በየተራ ጥቂት ጥቂት ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልጆቹ ሲጠይቁም አታቋርጧቸው። ታንኳዋ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፤ ጨዋታው ግን ቤት ድረስ አብሯችሁ ይመጣል።