የሊኑክስ ሰርቨሮች የደኅንነት ማሻሻያ ቢዘገይ ምን ያስከትላል? ቢቸኩልስ?

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ኦዳ በተባለው አካባቢ የሚኖር ነጋዴ በስልኩ ገንዘብ ሲልክ፣ ሥራው የሚፈጸመው እርሱ በማያያቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ይሠራሉ።

የሊኑክስ የኮምፒውተር ኮድ ለማንም ክፍት ነው። በመሆኑም የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ መድፈኛው ይፋ ሲደረግ፣ ጥቃት ፈጻሚዎችም አሮጌውንና አዲሱን ኮድ አነጻጽረው ክፍተቱ የት እንደነበር ያውቃሉ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ማሻሻያውን ያልጫነ ሰርቨር ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

በአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። ድርጅቱ ይጠቀምበት ለነበረው አፓቼ ስትራትስ የተሰኘ ሶፍትዌር መድፈኛው በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2017 ወጣ። በአንድ ሥርዓቱ ላይ ግን አልተጫነም፤ ጥቃት ፈጻሚዎች በግንቦት ገብተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ዘረፉ።

ባለሙያዎች ማሻሻያን የሚያዘገዩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በሚሠራ ሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ የራሱ ስጋት አለው። መጋቢት 6/2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ ያጋጠመው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት እንደሆነ አስታውቋል።

አዲስ የሆነ ሁሉም አስተማማኝ አይደለም። በዚያው ወር አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ኤክስዜድ በተባለ የሊኑክስ መሣሪያ አዳዲስ ቅጂዎች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ፍንጭ የሆነው የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበር። ነባሩን የተረጋጋ ቅጂ የሚጠቀሙ ሰርቨሮች ከአደጋው ተርፈዋል።

እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ሥርጭቶች ስለዚህ የደኅንነት መድፈኛውን ብቻ ለይተው በነባሩ ቅጂ ላይ ያክላሉ። የሰርቨር ኃላፊዎችም በየሰርቨሩ የተጫነውን ሶፍትዌር መዝግበው ይይዛሉ፤ የሥርጭቱን የደኅንነት ማስታወቂያ ይከታተላሉ፤ ለበይነ መረብ በቀጥታ ለተጋለጡት ቅድሚያ ይሰጣሉ። መጠባበቂያ ቅጂ ወስደው ማሻሻያውን መጀመሪያ በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ ይፈትሹታል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዳግም ማስነሳት ነው። ከርነል የተባለው የሥርዓቱ እምብርት ማሻሻያው ቢጫንለትም፣ ሰርቨሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ በአብዛኛው በአሮጌው ኮድ መሥራቱን ይቀጥላል። ድጋፉ የተቋረጠ ሥርዓት ደግሞ መደበኛ መድፈኛ አይወጣለትም፤ ለምሳሌ የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ሰኔ 23/2016 ዓ.ም. አብቅቷል።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር ኬላ በተመረቀባት ሞያሌ፣ አገልግሎት ሲቋረጥ ሰውም ጭነትም ይቆማል። አስቀድሞ ተነግሮ በሌሊት የሚደረግ የደቂቃዎች ማቋረጥ፣ ከጥቃት በኋላ ከሚመጣው የቀናት መስተጓጎል ይሻላል።