ነዋሪ ሆኖ መጻተኛ መባል፤ ስለ ሙስሊሞች ፖለቲካዊ ምጸት

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ የወገራን ደጋ አቋርጦ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም የሊማሊሞን ገደል ወርዶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ አድርጎ ወደ ተከዜ ያመራል። ይኸው መንገድ ጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ለመኪና ከማበጀታቸው አስቀድሞ ጎንደርን ከዐድዋና ከምጥዋ ጋራ የሚያገናኝ የሲራራ መንገድ ነበር። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። ቋንቋቸው አማርኛ ወይም ትግርኛ፥ ኑሯቸውም እንደ ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ሆኖ ሳለ፥ ሕጉም ልማዱም እንደ እንግዳ ይቈጥራቸው ነበር። ከዚህ የቤት እንግድነት የተወለደው ፖለቲካዊ ምጸት በጥናት ረገድ እስከ ዛሬ ከሚገባው ያነሰ ስፍራ ነው የተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ወሰነ። መኖሪያቸውም ከቤተ መንግሥቱ በታች በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሆነ፤ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር በገባ ጊዜ ያረፈው በዚሁ ሰፈር ነው። በብዙው የክርስቲያን ደጋ ሙስሊሙ ርስት እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። ርስት የሌለው ሰው ንግድና ሽመና ይይዛል፤ ነጋዴ ስለ ሆነም ዘዋሪ ይባላል፤ ዘዋሪ ስለ ሆነም አገር የለውም ይባላል። ክልከላው ለራሱ ምክንያት የሚወልደው እንዲህ ነው። የሙስሊሙን አገር መካ፥ የአሞራን ቤት ዋርካ የሚያደርገው የታወቀ አባባልም ከዚሁ የመጣ ነው።

ዛሬ ፖለቲካዊ ምጸት ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የጋዜጣ ካርቱን ነው። በደጋው ግን ብሩሹ የቤተ ክርስቲያን ነበር። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን ሲሣሉ፥ ከሓድያንና የጠላት ጭፍሮች በጎን ፊትና በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህ ያለ አንዳች ጽሑፍ የሚነበብ የስላቅ ሥዕል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። መስጊዱ በበኩሉ ሥዕል አያውቅም፤ ስለዚህ ለሙስሊሙ የቀረው መሣሪያ ቃል ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር ደግሞ ቃልም ቢሆን ልብስ ሳይለብስ አይወጣም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ምሳሌ የሚገኘው ከአገር ውጭ ነው። ጀበርቲ የሚለውን ስም የያዘው ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ እ.ኤ.አ. በ1753 በካይሮ ተወለደ፤ ሰባተኛ አያቱ ከዘይላ አካባቢ ወደ አል-አዝሀር ለትምህርት የሄዱ ስደተኛ ናቸው፤ በአል-አዝሀርም የጀበርቲ ተማሪዎች የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ቦናፓርት እ.ኤ.አ. በ1798 ግብጽን ሲይዝ ፈረንሳዮችም እውነተኛ ሙስሊሞች ናቸው የሚል ዐዋጅ በዐረብኛ አስበተነ። አል-ጀበርቲ ዐዋጁን በጩኸት አልተቃወመም፤ እንደ የሰዋስው መምህር ቃል በቃል አረመው እንጂ። «ሙስሊሞች» የሚለው ቃል በባለቤት ፈንታ በተሳቢ ሙያ ገብቶ አገኘው። ተሳቢ በዐረብኛ «ነስብ» ይባላል፤ ነስብ ደግሞ ማጭበርበር ማለትም ነው። እንግዲህ እስልምናቸው ነስብ ነው አለ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ቢሰማ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት አስተርጓሚ አያሻውም። ይኸው ጸሐፊ ሙሐመድ ዓሊን በጽኑ ስለ ነቀፈ ዋና የታሪክ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ነው።

በአገር ውስጥ ፈተናው የጠነከረው እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ዐወጁ፤ ከፊሎቹ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ተባሉ። ይህ አባባል ስድብ ይመስላል፤ ግን ከሚነገርበት ሰው ይልቅ የሚነካው አስገዳጁን ነው፤ ዐዋጁ የሚገዛው ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ መሆኑን ያስታውቃልና። በወሎ ሼህ ጠልሓ ቢን ጃዕፈር በዐመፅ ተነሡ፤ በዐረብ ፊደል በተጻፈ የአማርኛ መንዙማም ዘመናቸውን ተናገሩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት በወሎ የኖሩት የሼህ ሁሴን ጅብሪል መንገድ ግን ሌላ ነው። በስማቸው የሚነገሩት ግጥሞች የነገሥታቱን መነሣትና መውደቅ በትንቢት መልክ ያወራሉ። ግጥሞቹ ሁሉ የእርሳቸው እንዳልሆኑ፥ ተከታዩ ትውልድም የየራሱን እንደጨመረ ይታመናል። ይህ ለሥነ ጽሑፍ መርማሪ ችግር ቢሆንም ለምጸተኛው ትልቅ ጋሻ ነው፤ በሥልጣን ላይ ያለውን የነቀፈው ሰው «ያሉት ሼሁ ናቸው» ብሎ ያመልጣል፤ ሼሁም ሞተዋል። ፍልስጥኤማዊው ስደተኛ ናጂ አል-ዓሊ ፊቱን ለአንባቢ የማያሳየውን ልጅ ሐንዘላን ሥሎ የዐረብ መንግሥታትን ሲተች፥ ፊቱን የሸሸገው ሥዕሉ እንጂ ሠዓሊው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በለንደን ተገደለ።

የመጻተኝነቱ ነገር በግልጥ የተነሣው በ1966 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 12 ቀን በአዲስ አበባ የተሰለፈው እጅግ ብዙ ሕዝብ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፥ መሬት የመያዝ መብትና በዓላቱ እንዲታወቁለት ጠየቀ፤ ከዚህም ጋራ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንዲባል አመለከተ። አል-ጀበርቲ በነስብ እንዳደረገው ሁሉ፥ እዚህም ክርክሩ በአንዲት የሰዋስው ክፍል ላይ ነበር፤ «በ» ያስጠጋል፥ «የ» ያወርሳል። በዓላቱና መሬቱ በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ተፈቱ፤ አነጋገሩ ግን ከዐዋጁ በኋላም ቶሎ አልጠፋም።

በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት በተነሣው የ«ድምፃችን ይሰማ» ንቅናቄ ሰልፈኞች ለመንግሥት ቢጫ ካርድ አሳዩ። ከእግር ኳስ ሜዳ የተወሰደው ይህ ምልክት ገዥውን ጥፋት እንደ ሠራ ተጫዋች፥ ሰልፈኛውን እንደ ዳኛ አድርጎ ያቆማል። ሥዕል አልነበራቸውም በተባሉት ሰዎች እጅ ያለ ቃል የተሠራ ካርቱን ነበር፤ ያሳዩትም ሰዎች በየመስጊዱ ደጅ የቆሙት በገዛ ፊታቸው ነው።