አሮጌው ላንድክሩዘር በየትኛው ይከሰስ?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ጭነት ከያዘ አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር ኋላ የነዳ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላ አፍንጫ ላይ ይደረባል፣ እርግማን ይከተላል፤ “ይህን ቅራቅንቦ ከመንገድ የሚያወጣ ሰው ጠፋ?” ባለመኪናውም መልስ አያጣም። ሞተሩ ገና አልተነካም፤ ያንተ አዲስ መኪና ጭቃ ላይ ቀጥ ስትል የኔው አልፎ ይሄዳል፤ ደግሞስ አዲስ መኪና ሲሠራ ከፋብሪካው የሚወጣውን ጭስ ማን ቆጠረው?

ሁለቱም እውነት አላቸው። የማይግባቡት የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ነገር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ በተቃጠለው ነዳጅ ልክ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባም ይውጣ ከጎዴ ምድርን እኩል ያሞቃል። ሌላው ጥቀርሻው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹና ሳይቃጠል ያመለጠው ነዳጅ ነው። የዚህኛው መጠን የሚወሰነው ነዳጁ በተቃጠለበት ሁኔታ ነው፤ የሚጎዳውም በአቅራቢያው የሚተነፍሰውን ሰው ነው። እንደኔ አስተያየት አሮጌ የገጠር መኪና በመጀመሪያው ክስ ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ ይወቀሳል። በሁለተኛው ጠበቃ ቢያቆምም አያሸንፍም።

ከነዳጁ እንነሳ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም፣ 1 ሊትር ቤንዚን ደግሞ ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከ1 ኪሎ በታች የሚመዝን ፈሳሽ ይህን ያህል ጋዝ የሚሰጠው በውስጡ ያለው ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር ነው። ይህን የሚያስቀር ማጣሪያ መኪና ላይ የለም፤ መንገዱ ትንሽ ማቃጠል ብቻ ነው።

አሮጌው ላንድክሩዘር ደግሞ ትንሽ አያቃጥልም። በመሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት ሃርድ ቶፖች ላይ የምናውቀው፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ሊትር ይፈልጋል። መኪናው ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ጎማው ሰፊና ጥርሳም ነው፤ የፊቱ ዲፈረንሻል ሥራ ባይኖረውም የሚዞርበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚብሰው ቅርጹ ነው። አየር ለአንድ ቅርጽ የሚሰጠው መቋቋም የሚለካበት ቁጥር ለዘመናዊ የቤት መኪና 0.3 ገደማ ሲሆን፣ ለቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር ወደ 0.6 ይጠጋል፤ ላንድክሩዘሩም ከዚያ ብዙ የማይርቅ ሳጥን ነው። የአየር መቋቋም ደግሞ በፍጥነት ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ከ80 ወደ 110 የጨመረ ሹፌር የሚገፋው አየር እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ይህ መኪና ነዳጅ በልቶ የሚያሳፍረው በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ፣ ያውም ፖርታ ባጋሉ ተጭኖበት ሲበር ነው። በኮረኮንች በ40 ሲያዘግም ቅርጹ ብዙም አያስከፍለውም።

አሁን ባለመኪናው ያነሳትን የፋብሪካ ጭስ እንቁጠራት። 1 ቶን ብረት ለማምረት ወደ 2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አሉሚኒየሙ፣ ፕላስቲኩ፣ መስታወቱና የፋብሪካው ጉልበት ሲደመር አንድ ትልቅ አዲስ መኪና ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ 10 ቶን ያህል ዕዳ ይዞ ይወጣል ብንል ብዙ አንሳሳትም። አሮጌው 13፣ አዲሱ 8 ሊትር ናፍጣ ይጨርሳሉ እንበል። አዲሱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ የሚያተርፈው 13.5 ኪሎ ግራም ነው። 10 ቶኑን ከፍሎ ለመጨረስ 74,000 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ድርጅት ይህ የ2 ዓመት ተኩል ጉዳይ ነው። በዓመት 5,000 ብቻ ለሚነዳ ገበሬ ወይም የጤና ጣቢያ 15 ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ አዲሱም አርጅቷል። ይህ ሁሉ ደግሞ አሮጌው ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ከሄደ ነው። ተሸጦ ሌላ ከተማ ላይ መሮጡን ከቀጠለ ሂሳቡ የለም፤ ሁለቱም እየተነዱ ነው።

አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ በተለይ መብራቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ በሚመነጭበት እንደኛ ባለ አገር። ባትሪው ዕዳውን ወደ 15 ቶን ቢያደርሰው እንኳ፣ በየ100 ኪሎ ሜትሩ የሚተርፈው 35 ኪሎ ግራም ስለሆነ 43,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይካካሳል። ብዙ የሚነዳው ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ይከፍላል። ትንሽ የሚነዳው አሁንም 8 ዓመት ተኩል ያህል ይጠብቃል።

ለንደን ትንሽ የሚነዳ መኪና ጉዳቱም ትንሽ መሆኑ የገባት ይመስላል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መላ ከተማዋን በሚሸፍነው የጭስ ቀጣና ውስጥ ደረጃውን የማያሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። 40 ዓመት ያለፈው ታሪካዊ መኪና ግን ነፃ ነው። በዚህ ምክንያት የአያት ላንድሮቨር በነፃ ሲያልፍ እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ ናፍጣ መኪና ይቀጣል። መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል፤ ግን ታሪካዊ መኪኖች ጥቂት ናቸው፣ የሚወጡትም አልፎ አልፎ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ከወደብ ከተማ ሲነፃፀር ሩብ ያህል ይጎድላል። እንጦጦ ላይ ጉድለቱ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር አየር የሚስበው በፒስተኑ ጉልበት ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩ ይሞላል፣ የሞላው አየር ግን ስስ ነው። ሜካኒካል የነዳጅ ፓምፑ ይህን አያውቅም። ነዳጅ የሚለካው ባሕር ዳርቻ ላይ እንደተስተካከለው ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ናፍጣው ይበዛል፣ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ እንደታፈነ ማገዶ ጭስ ብቻ ይሆናል። ያ ጥቁር ነገር ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ነው፤ ማለትም የተገዛ ናፍጣ በጭስ ማውጫ ሲወጣ ነው የምናየው። አምራቾች ይህን ያውቁታል። ለአንዳንድ ገበያዎች ፓምፑ ላይ ከከፍታ ጋር ነዳጁን የሚቀንስ መሣሪያ ይገጥማሉ። እሱ በሌለበት ደግሞ ባለሙያ ፓምፑን ለደጋው አየር አውርዶ ሊያስተካክለው ይችላል። መኪናው ትንሽ ጉልበት ያጣል፤ ብዙ ባለመኪኖች እምቢ የሚሉትም ለዚሁ ነው።

ከፓምፑ ቀጥሎ ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል አለ። ጋራዥ ውስጥ ኖዝል ሲሞከር ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። ባለሙያው ኖዝሉን በእጅ ከሚሠራ የግፊት መሞከሪያ ላይ አስሮ ማንሻውን ሲጫነው፣ ጤነኛው ጢም ያለ ጭጋግ ይረጫል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የተበላው ያንጠባጥባል። ያ ጠብታ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እስኪቃጠል ጊዜ አይደርስለትም። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ኖዝል መቀየር አያድነውም፤ ዘይት እየነደደ ነው፤ ብዙ ጊዜም የፒስተኑ ፋሻ ተበልቶ ነው።

የጥቀርሻው ደቃቅ ክፍል ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። አውሮፓ ለቤት መኪና ባወጣችው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1992 የናፍጣ መኪና በኪሎ ሜትር 0.14 ግራም ጥቀርሻ ይፈቀድለት ነበር። ከ2009 በኋላ 0.005 ሆነ። ይህ 28 እጥፍ ልዩነት ነው፤ ወደ መጨረሻው ደረጃ የተደረሰውም በማጣሪያ ነው፤ አሮጌው ላንድክሩዘር ምንም ቢታደስ ማጣሪያ የለውም።

አዲስ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን ምርመራ ላይ ብቻ ንጹሕ የሚሆን ሶፍትዌር መጫኑ ሲጋለጥ፣ ከተነኩት መካከል ቱዋሬግና ፖርሽ ካየን የተባሉት ውድ የመስክ መኪኖች ነበሩበት። ከዚያ በፊት የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዶናልድ ስቴድማን መንገድ ዳር ጨረር ዘርግቶ የአላፊ መኪኖችን ጭስ ሲለካ፣ ከካርቦን ሞኖክሳይዱ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከ10 በመቶ ገደማ መኪኖች መሆኑን አገኘ። በደንብ የተያዘ አሮጌ፣ ከተዘነጋ አዲስ ይሻል ነበር።

የኛ ሕግ ግን የሚመለከተው ዕድሜንና የነዳጁን ዓይነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተወሰነ። ሁለቱም ስለሚገባው መኪና እንጂ አገር ውስጥ ስላለው አይናገሩም። የሚተካው ሲጠፋ አሮጌው ዋጋው ይወጣል፣ ዕድሜው ይረዝማል፤ ይህንንም የመኪና ገበያ ደላላ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሕጉ ማየት ያለበት ፓምፑንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። በዓመት 30,000 የሚቆጥረው፣ ከተማ ውስጥ ከስብሰባ ስብሰባ የሚመላለሰው የመሥሪያ ቤት ሃርድ ቶፕ ቀድሞ በኤሌክትሪክ ይተካ፤ ወደ ባሌ ወይም ሰሜን ተራራ በወር ሁለቴ መድኃኒት የሚያደርሰው ፓምፑ ለደጋ ይስተካከልለትና ይቆይ።